ኦቲዝም፦ የፍኖተ ሰላም ወላጅ ወዴት ይሂድ?

ልጁ ኦቲዝም እንዳለበት የተነገረው የፍኖተ ሰላም ወይም የቡሬ ወላጅ ቀጥሎ የሚጠይቀው «ታዲያ የት ልውሰደው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ሃያ ዓመት አልፎታል፤ መልሱ ግን አሁንም በአብዛኛው «አዲስ አበባ» ነው።

የኦቲዝም ማዕከል ነገር በአንዲት እናት ተጀመረ። ዘሚ የኑስ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በኋላ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል ተከተለ። ሁለቱም ያሉት በመዲናዋ ነው፤ ከፍኖተ ሰላም ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገዱን አስጊ አድርጎታል።

ሌላው ሸክም ወቀሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ሁለት ክሊኒኮች ያገኛቸውን 102 ተንከባካቢዎች ሲጠይቅ፣ ብዙዎቹ ኀፍረትና መገለል እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። የኦቲዝምን ምክንያትም ከሕመምም ከእርግማንም፣ ከመንፈስም ጋር ያያይዙታል። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም፤ በአሜሪካም ከ1940ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ለዓመታት ሐኪሞች ራሳቸው «የእናት ፍቅር ማጣት ነው» ይሉ ነበር። ኦቲዝም የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው፤ አስተዳደግ አያመጣውም።

ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። ስለዚህ ከዋና ዋናዎቹ ድጋፎች አንዱ ወላጁን ማሠልጠን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና በኢትዮጵያም የተሞከረው ሥልጠና 9 የቡድን ትምህርቶችና 3 የቤት ጉብኝቶች አሉት። የሚሰጡትም የግድ ስፔሻሊስቶች አይደሉም። ትምህርቱ ከዕለት ኑሮ የወጣ ነው፦ ልጁ ቆሎ ሲፈልግ ወዲያው ከመስጠት ይልቅ ጥቂት ጠብቆ፣ በጣቱ እንዲያመለክት ወይም እንዲናገር ዕድል መስጠት።

ሥልጠናው እስኪደርሰው ወላጁ የልጁን ጆሮ ያስመርምር፤ መስማት አለመቻል ከኦቲዝም ጋር ይምታታል። የሚጥል በሽታም አብሮ ሊኖር ይችላል። ከፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ማስጻፍ ይቻላል። ጸበል መውሰድ ሕክምናን አይከለክልም፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ግን በጸበል ሰበብ አይቋረጥ፣ ልጁም አይታሰር። ችግሩ የገጠማቸው ጥቂት ወላጆች እንደ ጽዋ ማኅበር ተራ ገብተው ቢገናኙ ደግሞ አንዱ ያወቀው ለሌላው ይደርሳል።

ይህ ግን መንግሥትን ከኃላፊነት አያድንም። በየቀበሌው ጤና ኬላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የልጆችን ክትባትና ዕድገት ትከታተላለች። የኦቲዝምን ምልክት እንድትለይ፣ ወላጅንም እንድታሠለጥን ከተደረገ፣ የምዕራብ ጎጃም እናት ለመጀመሪያው እርዳታ አባይን መሻገር አይጠበቅባትም።