ወረቀት የሚያውቅ መጣ



ከሰሜን ጎንደር ደጋ የመጣን ተማሪዎች ለዕረፍት አገራችን ስንገባ የሚጠብቀን አንድ ሥራ አለ። የመንገዱን አቧራ ሳናራግፍ ጎረቤቱ «ወረቀት የሚያውቅ መጣ» ብሎ ይሰበሰብና ማመልከቻ ጻፍልን ይለናል። እኛም ዩኒቨርሲቲ ስለ ገባን ብቻ የምናውቅ ይመስለንና ብዕር እናነሣለን። ይህን የምጽፈው እኔ ሳላውቅ ጽፌ አክስቴን ስለ ጎዳኋት ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በጃን አሞራ፥ በበየዳና በጠለምት ዝናቡ ከዳ፤ ገብሱም ሳያሽት ደረቀ። በሚቀጥለው ዓመት የእርዳታ መዝገብ ሲዘጋጅ የሟች እኅቷን ሁለት ልጆች የምታሳድገው አክስቴ የ3 ሰው ቤተሰብ ተብላ ተጻፈች። እውነተኛው ቁጥር 5 ነበር። እኔም ስለ ረኃብ አስከፊነት፥ ስለ አባቶቻችን ታሪክና ስለ መንግሥት ኃላፊነት ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍሁ። የ3 እና የ5 ነገር የተጠቀሰው በሁለተኛው ገጽ ግርጌ ነው። ከሁሉ የበላይ ነው ወዳልሁት መሥሪያ ቤትም ላክሁት። መልሱ ከሦስት ወር በኋላ ደረሰን፤ «በቀበሌያችሁ ይታይ» የሚል አንድ መሥመር ነበር። ስሕተቱ የእኔ እንጂ የመሥሪያ ቤቱ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እርዳታ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ድርቅ ወይም ሌላ አደጋ ሲደርስ የሚሰጠው የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ነው። ሽማግሌዎቻችን እስከ ዛሬ «እርዳታ ማስተባበሪያ» የሚሉት መሥሪያ ቤት ከወሎው ረኃብ በኋላ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው ነው፤ ስሙ ብዙ ጊዜ ተለውጦ አሁን የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ይባላል። ሁለተኛው በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲሆን፥ ዝናብ ቢዘንብም ባይዘንብም በየዓመቱ እህል ለሚያልቅበት ቤተሰብ የታሰበ ነው። ሁለቱን ደባልቆ የሚጽፍ ሰው ማመልከቻውን ከወዲሁ አበላሸው።

የሴፍቲኔቱ መመሪያ የሚጠይቀው ባለፉት 3 ዓመታት በየዓመቱ 3 ወር ወይም ከዚያ በላይ ምግብ ያጠረው፥ ከዘመድም ድጋፍ የሌለው ቤተሰብ መሆኑን ነው። በእኔ ማመልከቻ መጨረሻ «የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነው የወንድሟ ልጅ» ብዬ በኩራት መፈረሜን አስታውሳለሁ! ያነበበው ሰው ደጋፊ አላት ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

መሥራት የሚችል በሕዝባዊ ሥራ፥ ይኸውም በእርከን፥ በመንገድና በመሳሰለው ተሰማርቶ ይከፈለዋል። አረጋዊውና አካል ጉዳተኛው ሳይሠራ ይቀበላል፤ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ለጊዜው ከሥራው ነፃ ትሆናለች። ክፍያው የሚታሰበው በቤተሰቡ ቁጥር ነው፤ ለአንድ ሰው በወር 5 የሥራ ቀን፥ በዓመት ለ6 ወር፥ እስከ 5 ሰው ድረስ። እንግዲህ ሁለት ልጆች ከመዝገብ ሲጎድሉ በወር የ10 ቀን፥ በዓመት የ60 ቀን ክፍያ ይጎድላል። በአስቸኳይ ጊዜ እርዳታም ሙሉው ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፥ አንድ ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ስለ ሆነ፥ ሁለት ሰው ማለት 30 ኪሎ እህል ነው። አንዲት ቁጥር ይህን ያህል ትበላለች።

መዝገቡን የሚሠራው ማን ነው? አዲስ አበባም ባሕር ዳርም አይደለም። በመንደር ደረጃ የተመረጡ ሰዎች ስም ያወጣሉ፤ ስሙ በሕዝብ ፊት ይነበባል፤ ከዚያ የቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል አጽድቆ ወደ ወረዳ ይልካል። ስለዚህ ከማናቸውም ማመልከቻ የሚበልጠው ስሙ በሚነበብበት ቀን ተገኝቶ «የእኔ ቤት 5 ነው» ማለት ነው፤ ጎረቤት ልጆቹን ያውቃቸዋልና። አክስቴ በዚያ ቀን አልተገኘችም፤ ገበያ ሄዳ ነበር።

ያ ቀን ካለፈ ቀበሌው ውስጥ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። በመመሪያው መሠረት መዝገቡን የሠራው ግብረ ኃይል አባል በዚህ ኮሚቴ ውስጥ መቀመጥ አይችልም፤ ኮሚቴውም አዲሱ መዝገብ በወጣ በአንድ ወር ውስጥ ተሰብስቦ መስማት አለበት። ያልተፈታው ወደ ቀበሌው ምክር ቤትና ወደ ወረዳው ያልፋል። እኔ ባሕር ማዶ የምሻገር ይመስል ሩቅ ስልክ ያቺ አንዲት ወር አለፈች።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ካልተሰማ የሕዝብ ዕንባ ጠባቂ ተቋም አለ። በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመ ሲሆን፥ አቤቱታን በቃልም በጽሑፍም ያለ ክፍያ ይቀበላል። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር በትግራይ 351፥ በአማራ ክልል 44 ሰው በረኃብ መሞቱን ያስታወቀው ይኸው ተቋም ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 89 ለአደጋ ተጎጂዎች በወቅቱ እርዳታ እንዲደርስ ማድረግን የመንግሥት ግዴታ አድርጎታል። ይህን አንቀጽ ማወቅ ጥሩ ነው፤ ለቀበሌ ኮሚቴ መጥቀሱ ግን አያስፈልግም።

መዝገብ ትክክል መሆኑ ለአንድ ቤት ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት እርዳታው ላልታሰበለት ወገን እየዋለ ነው ብለው በመላው አገር ምግብ ማከፋፈል አቁመው ነበር። አጠቃላይ ሥርጭቱ እንደገና የጀመረው ድርቁ ከበረታ በኋላ፥ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያዎቹ ወራት መጨረሻ፥ የተረጂዎች ምዝገባ እንዲጠብቅ ተደርጎ ነው። የአሜሪካው ድርጅት ራሱ በ2017 ዓ.ም. ተዘግቷል። ስሙን በማመልከቻ ላይ የሚጠቅስ ካለ ይተወው።

በሚቀጥለው ምዝገባ የጻፍሁት ሰባት መሥመር ነበር። የአክስቴ ስም ከነአያቷ፥ ቀበሌና ጎጥ፥ የ5ቱም ሰዎች ስምና ዕድሜ፥ ልጆቹ ከመቼ ጀምሮ ከእርሷ ጋር እንደሚኖሩ፥ የሚያውቁ ሦስት ጎረቤቶች፥ የምትጠይቀው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር፥ ቀንና የጣት አሻራ። በሁለት ቅጂ ጽፈን አንዱን ሰጠን፤ በሌላው ላይ ተቀባዩ ቀኑን ጽፎ ፈረመበት። ይህ ፊርማ ከሌለ ማመልከቱን ማስረዳት አይቻልም፤ በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በደረሰው ጦርነት መንገድ በተዘጋና ሠራተኛ በተለዋወጠ ቁጥር የስንቱ ማመልከቻ እንደ ጠፋ አይታችኋል።

ኮሚቴው ጎረቤቶቹን ጠይቆ ቁጥሩን 5 አደረገው። የቀደመውን ዓመት 60 ቀን ግን ማንም አልመለሰላትም። የተፈረመበት ቅጂ አክስቴ ሣጥን ውስጥ ነው፤ በዚህ ዓመት ጎረቤቷ መጥታ «እንደዚያኛው ጻፍልኝ» ብላ ስትጠይቀኝ ከዚያ አውጥታ አሳየቻት።