የአሮጌ ቮልስዋገን አዲስ ፓራፋንጎ

ሁላችንም የምናውቀው ክቡ ቮልስዋገን መሠራቱ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ላይ አብቅቷል። ስለዚህ የፊት ፓራፋንጎው የበሰበሰበት ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ሌላ ፋብሪካ አስመስሎ የሠራውን ነው። በብየዳ ሳይሆን በቡሎን ስለሚታሠር ሥራው ቀላል ይመስላል። እኛም ቀላል መስሎን አስቀድመን ቀለም ቀባነው፤ ቀዳዳዎቹ አልገጥም ብለውን ስንታገል ቀለሙ ተላጠ።

ተገቢው አሠራር ይኽ ነው። በመጀመሪያ በመኪናው አካል ላይ ያሉት የቡሎን መግቢያዎች ከዝገት ይጽዱ። ቀጥሎ ፓራፋንጎው ሳይቀባ ይሰቀል፤ ቡሎኖቹም ሁሉ ላላ ብለው ይግቡ እንጂ አንዱም አይጥበቅ። ከመርገጫውና ከፓራውልቱ ክንድ ጋር መግጠሙ፣ የመብራቱም ቁመት ከወዲያኛው ጋር እኩል መሆኑ ይታይ። ቀዳዳው ካልተገናኘ የሚሞረደው አዲሱ ቆርቆሮ ነው እንጂ የመኪናው አካል አይደለም። ክፍተቱን በስቱኮ መድፈንም ከንቱ ነው፤ መኪናው ሲንቀጠቀጥ ይሰነጠቃል። ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ፓራፋንጎው ወርዶ ይቀባል፤ ከዚያም ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት የጎማው ጥብጣብ ገብቶ ቡሎኖቹ ከመካከል ወደ ዳር በየተራ ይጠብቃሉ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው እውነት ነው፤ የአንድ ቀን ችኰላ ለእኛ የሁለት ጊዜ ቀለም አስከፍሎናል።