አንደኛው የትዳር ጓደኛ ቤቱን ከዕዳ በታች ሲሸጥ ሌላው አዲስ ቤት ስለ መግዛቱ

በአሜሪካ አገር «ሾርት ሴል» የሚባለው፥ ቤት ከተያዘበት ዕዳ ባነሰ ዋጋ በአበዳሪው ባንክ ፈቃድ የሚሸጥበት ሥርዓት ነው። ባንኩ የሚፈቅደው ስለ ቸርነቱ አይደለም፤ በሐራጅ ቢያሸጠው የባሰ የሚከስር ሲመስለው ነው።

በዚህ ዐይነት ቤቱን የሸጠ ሰው፥ ልዩ ምክንያት ካላስረዳ በቀር፥ በፋኒ ሜይ ደንብ የሚሰጠውን የቤት ብድር እንደገና ለማግኘት 4 ዓመት ይቈያል። በአሮጌው ብድር ላይ ያልፈረመችውን ሚስቱን ግን ይህ ገደብ አይመለከታትም፤ በገቢዋ ብቻ፥ በስሟ ልትበደር ትችላለች።

ነገሩ የሚከብደው የባልና የሚስት ሀብት በሕግ የጋራ በሆነባቸው እንደ ካሊፎርንያና ቴክሳስ ባሉ ግዛቶች ነው። በዚያ ኤፍ. ኤች. ኤ. የተባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዋስ በሚሆንበት ብድር፥ የባል ያለፈ የአከፋፈል ታሪክ ሚስትን ባያስከለክላትም ዕዳው ከዕዳዋ ጋር ይደመራል። ስለዚህ ሽያጩ ሳይፈጸም ብታመለክት የሁለት ቤት ሸክም ሊቈጠርባት ይችላል፤ እስኪፈጸም መታገሥ ይሻላታል።

ይልቁንም የሚያሠጋው መደበቅ ነው። ባል «መክፈል አቃተኝ» ብሎ ለባንኩ በጽሑፍ እያመለከተ፥ የቤተ ሰቡ ገንዘብ በስውር ለአዲስ ቤት ቢውል ማጭበርበር ሊባል ይችላል። አሮጌውን ቤት ራሱን ለሚስት መሸጥማ አይታሰብም፤ አበዳሪዎች ሻጭና ገዥ ዝምድና የሌላቸው መሆኑን በፊርማቸው እንዲያረጋግጡ ዘወትር ይጠይቃሉና።