ለተራራ አደን የሚሆን ቦት ጫማ እንዴት ይመረጣል?

የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ የዱር እንስሳ ሲሆን፣ የሚኖረውም በአርሲና በባሌ ተራሮች በአብዛኛው ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ባለው ብርዳማ ስፍራ ነው። በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ማደን ክልክል ነው። ከፓርክ ውጭ ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ቦታዎች ግን ፈቃድ የተሰጠው አዳኝ በኮታ ያድናል፤ መንገድ መሪው፣ ዱካ ተመልካቹና ጓዝ ተሸካሚውም አብረውት ይወጣሉ። መኪና በማይደርስበት ገደል ወለምታ ቢያጋጥም፣ ተጎጂውን ለማውረድ የሰው ትከሻ ወይም የበቅሎ ጀርባ ይጠይቃል። የጫማ ምርጫ ቀላል ጉዳይ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ገዢዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት ለስላሳነትን እንደ ምቾት በመቁጠር ነው። በድንጋያማ ተዳፋት ላይ እግርን የሚደግፈው ጠንካራ ሶልና ተረከዝን አጥብቆ የሚይዝ ጫማ ነው። ጫማውን በሁለት እጅ ይዞ መጠምዘዝ ጥሩ መፈተኛ ነው፤ እንደ እርጥብ ጨርቅ ከተጠመዘዘ ጓዝ ለተሸከመ ሰው አይሆንም። መተጣጠፍ ያለበት በጣቶች መገጣጠሚያ በኩል ብቻ ነው። አንገቱ ከቁርጭምጭሚት አጥንት በላይ ሊደርስ፣ የሶሉ ጥርሶችም ጥልቅና ጭቃ የማይዙ ሊሆኑ ይገባል።

እግር በውሎ ስለሚያብጥ ጫማ የሚለካው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ለጉዞው የታሰበውን ወፍራም ካልሲ አድርጎ መለካትም ያስፈልጋል። ማሰሪያው ሳይታሰር እግር ወደ ፊት ሲገፋ ከተረከዝ ኋላ አንድ ጣት መግባት አለበት። ከታሰረ በኋላ ደግሞ ደረጃ መውጣትና መውረድ ይገባል። በዳገቱ ተረከዝ ከተነሳ እግር ይላጣል፤ በቁልቁለቱ ጣቶች ጫፉን ከነኩ ጥፍር ይጠቁራል።

የጎማ ቦት ለጭቃ ቢበጅም ተረከዝን አይይዝም፤ ላብም አያስወጣም። ልባሽ ጫማ የሚገዛ ሰው የተረከዙን አበላልና የሶሉን ማጣበቂያ ይመልከት። በአንድ ወገን የተበላ ጫማ አዲሱን ባለቤትም ወደዚያው ያጋድለዋል።

አዲስ ጫማ በጉዞው ዕለት አይጀመርም። አስቀድሞ ለጥቂት ሳምንታት፣ መጀመሪያ በሠፈር ኋላም ጓዝ ይዞ በዳገት፣ ሊለመድ ይገባል። ሲርስ እሳት ዳር ማድረቅ ቆዳውን ይሰነጥቃል፣ ማጣበቂያውንም ያላቅቃል። ጋዜጣ ጠቅጥቆ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ማድረቅና ቆዳውን ቅባት መቀባት ይሻላል።

በመጨረሻም አዳኙ የራሱን እግር ብቻ አይመልከት። መንገድ መሪው በኮንጎ ጫማ ከወጣ፣ የቡድኑ ጉዞ የሚለካው በእርሱ እግር ነው።