ፌስታሉ ሲከለከል የሚቀረው ክብደት

በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲሱን የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ ስለ ከተማ ቆሻሻ የሚነሳ ወሬ ሁሉ ከፌስታል ይጀምርና እዚያው ያልቃል። ፌስታል የሚጠቀም ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ሊቀጣ ይችላል መባሉ ብዙ ሰው አስደንግጧል። ፌስታል ቦይ ይደፍናል፣ ከብት ይገድላል፤ መከልከሉን አልቃወምም። ይሁን እንጂ ዲላን በመሰለች ከተማ የቆሻሻ ሰብሳቢዎችን ጀርባ የሚያጎብጠውም፣ ሰፈሩን የሚያገማውም ፌስታሉ አይመስለኝም። እርጥቡ ቆሻሻ ነው፤ በየስብሰባው ግን ስሙ እምብዛም አይነሳም።

አንድ የተከራይ ግቢ በር ላይ የቆመ ማዳበሪያ ከፍቶ ማየት ይበቃል። ከላይ የአቮካዶና የሙዝ ልጣጭ፣ የድንችና የሽንኩርት ቅርፊት አለ። ሥሩ የጫት ገረባ፣ ቆጮ የተጠቀለለበት ኮባ፣ የቡና አተላና አመድ ተደባልቆ ረግጧል። ከነዚህ መሐል ፌስታልና አንድ ሁለት የሀይላንድ ጠርሙስ ብቅ ይላሉ። ዝናብ ሲያገኘው ውኃው በማዳበሪያው ስፌት እየተንጠባጠበ ክብደቱ ይጨምራል፤ አንዲት ሴት ብቻዋን አንስታ ጋሪ ላይ መጫን ያቅታታል። በሀገራችን ከተሞች ከቤት የሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ እንዲህ የሚበሰብስ ነው፤ ዲላ ያለችበት ጌዴኦ ደግሞ በልግም ክረምትም የሚዘንብበት አገር ነው።

ቆሻሻን ከምንጩ ለዩ የሚለው ትእዛዝ አዲስ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠውን ስስ ፌስታል ከመከልከሉም በላይ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ለይቶ እንዲያስቀምጥ አዝዟል። ሕጉ በአብዛኛው ወረቀት ላይ ቀረ። ምክንያቱን ሲጠየቁ ባለሥልጣናት የኅብረተሰቡ ግንዛቤ አነስተኛ ነው ማለት ይቀናቸዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰዉ ዋጋ ያለውን ነገር እንዴት እንደሚለይ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ጠርሙሱን፣ ቆርቆሮውንና አሮጌ ጫማውን ለቆራሌው አስቀምጦ ይጠብቃል። ማንም ሳይቀጣው ይለያል፣ ገዢ ስላለው። ለእርጥቡ ግን ቆራሌው አይመጣም። ደክማ የለየች ሴት ብትኖርም ሁለቱም ማዳበሪያ አንድ ጋሪ ላይ ተጭኖ አንድ ገንዳ ውስጥ ሲደፋ እያየች በሚቀጥለው ሳምንት ለምን ትለፋለች?

በጌዴኦ እርጥቡ ቆሻሻ ገዢ ያጣው በቅርቡ ነው። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር እንሰትን፣ ቡናንና ትልልቅ ዛፎችን አንድ ላይ የያዘ እርሻ ነው። እዚያ የጓሮው እንሰት ልጣጩንም፣ አመዱንም፣ የከብቱንም ፍግ ይበላል፤ ገበሬው ቆሻሻ ብሎ የሚጥለው እምብዛም የለውም። ከተማው ሲሰፋ ጓሮው ወደ ሰርቪስ ቤት ተለወጠ። ዩኒቨርሲቲው፣ መሥሪያ ቤቱና ንግዱ የሳባቸው ተከራዮች አንድ ውኃና አንድ መጸዳጃ እየተጋሩ በአንድ ግቢ ይኖራሉ። የሚበሉት ያው የገጠሩን ፍሬ ነው፤ ልጣጩ ግን የሚመለስበት መሬት የለውም። የ1999ኙ አዋጅ ግዴታውን በቤተሰብ ኃላፊ ላይ ቢጥልም ስድስት ተከራይ ባለበት ግቢ ኃላፊው ማን እንደሆነ በግልጽ አይታወቅም። አከራዩ ሌላ ሰፈር ይኖር ይሆናል፤ ተከራዩም ነገ ሊለቅ ለሚችለው ቤት ጉድጓድ አይቆፍርም።

መዘዙ የሚታየው ሰብሳቢዎቹ አንድ ሁለት ቀን ሲዘገዩ ነው። ደረቅ ፕላስቲክ ሳምንት ቢቆይ ዝንብ አይጠራም። የአቮካዶና የሙዝ ልጣጭ በሦስተኛው ቀን ይሸታል፤ ያኔ ማዳበሪያው በሌሊት ወጥቶ ቦይ ዳር ይጣላል። ቀጥሎ የሚመጣው ዝናብ ፌስታሉንም ልጣጩንም አንድ ላይ ጠርጎ ወደ ለገዳራ ወንዝ ያወርደዋል። ስለዚህ ቦዩን የደፈነው ፌስታል ቢሆንም ከቤት ያስወጣው አብዛኛውን ጊዜ የእርጥቡ ሽታ ነው። ፌስታሉን ከልክለን እርጥቡን እንዳለ ብንተወው ያው ማዳበሪያ ቦይ ዳር መጣሉ አይቀርም።

ሩቅ ሳንሄድ የአዲስ አበባውን የቆሻሻ መጣያ ቆሼን እናስታውስ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የተናደው ክምር ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። የመናዱ መንስኤ ብዙ ያከራከረ ቢሆንም፣ ክምሩን ያን ያህል ያሳደገው ሳይለይ ለአሥርት ዓመታት የተደፋ ቆሻሻ መሆኑ አያከራክርም። ዲላ ያን የሚያህል ተራራ የላትም፤ መንገዱን የመቀየር ዕድሉ ያላትም ለዚህ ነው።

ሌላ መንገድ ተሞክሯል። በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ ከከተማ ቆሻሻ ኮምፖስት ለማምረት የተጀመረው ሥራ ሐዋሳንና ባሕር ዳርን ጨምሮ ስድስት ከተሞችን ይዞ ነበር። ዲላ አልገባችበትም። የሚገርመኝ ይኸው ነው፤ ኮምፖስት ለሚያመርት ከተማ ከባዱ ነገር ተቀባይ ገበሬ ማግኘት ነው፣ ዲላ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር በእንሰትና በቡና የተከበበች ናት።

እዚህ ላይ አንድ ስጋት አለኝ። የይርጋጨፌ ቡና ስሙን የተከለው በጥራቱ ነው፤ የጌዴኦ ዞን ገበሬ ማኅበራትም ቡናቸውን ኦርጋኒክ ብለው ለውጭ ገበያ ያቀርባሉ። ባትሪ፣ የተሰበረ ጠርሙስና ፌስታል የተቀላቀለበትን ኮምፖስት ማሳቸው ላይ እንዲያፈሱ መጠየቅ ገበያቸውን አደጋ ላይ መጣል ነው። አንዴ እንዲህ ያለ ጭነት የደረሰው ገበሬ ሁለተኛውን አይቀበልም። ስለዚህ መለየቱ መጀመር ያለበት ግቢው ውስጥ ነው፤ እርጥቡን ብቻ የሚወስድ ጋሪና ቁርጥ ያለ ቀን ያስፈልጋል፣ የግቢው ኃላፊነትም በአከራዩ ስም መጻፍ አለበት። አዲስ አበባ የጽዳት ክፍያን ከውኃ ሂሳብ ጋር አያይዛ ለሰብሳቢዎቿ ስትከፍል ቆይታለች። ዲላም ክፍያውን በየትኛው መንገድ ብትሰበስብ፣ ከባዱን ማዳበሪያ የምታነሳው ሴት ቀላሉን ከሚያነሳው የበለጠ የምታገኝበት ስሌት እስካልወጣ ድረስ እርጥቡ ተለይቶ ቢቀመጥም በሩ ላይ ይቀራል።