ኤዲተር በምርጫ፣ ዳታቤዝ በጥንቃቄ

የሶፍትዌር መሥሪያ መሣሪያዎች የሚባሉት ኮድ የሚጻፍበት ኤዲተር፣ መረጃ የሚቀመጥበት ዳታቤዝ፣ የኮዱ ለውጥ የሚመዘገብበት ሥርዓትና የመሳሰሉት ሲሆኑ፣ በፈቃዳቸው ዓይነት በሁለት ይከፈላሉ። የንግድ የሚባሉት ባለቤቱ ምንጭ ኮዱን ይዞ የመጠቀም መብትን ብቻ የሚሰጥባቸው ናቸው፤ ክፍት ምንጭ የሚባሉት ደግሞ ማንም ኮዳቸውን እንዲያነብ፣ እንዲያሻሽልና መልሶ እንዲያሰራጭ የተፈቀደባቸው ናቸው። ክፍት መሆንና ያለ ክፍያ መገኘት ግን አንድ አይደለም፤ ለምሳሌ ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮሚዩኒቲ የተባለው የኮድ መጻፊያ ለግለሰብ ገንቢ ያለ ክፍያ ይሰጣል፣ ይሁንና ክፍት ምንጭ አይደለም።

በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው የሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለፋርማሲ፣ ለመጋዘን ወይም ለትምህርት ቤት ሲስተም የሚሠራ ባለሙያ በቅድሚያ ዋጋን ቢመለከት አይፈረድበትም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ በፊት በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለወጣ፣ በዶላር የሚታደስ ዓመታዊ ፈቃድ ሻጩ አንድ ሳንቲም ሳይጨምርበት በብር ዋጋው በእጅጉ ጨምሯል። ብዙዎች የሚመርጡት አቋራጭ የፈቃድ ጥበቃው ተሰብሮ ክራክ የተደረገ ፕሮግራም በፍላሽ መቀባበል ነው፤ ይህ ግን ለኮምፒዩተር ፕሮግራም ጭምር ጥበቃ ከሚሰጠው ከቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጋር የሚጋጭ ከመሆኑም በላይ፣ ክራኩን ማን እንደሠራውና ምን እንደጨመረበት ስለማይታወቅ የደንበኛውን መረጃ ለአደጋ ያጋልጣል። ክራክን እንደ ሦስተኛ አማራጭ መቁጠር ስህተት ነው።

የዋጋው ክርክር የሚጋርደው ዋናው ጥያቄ፣ መሣሪያው የአገሩን ፍላጎት ሳያሟላ ሲቀር ማን ሊያስተካክለው ይችላል የሚለው ነው። ጤና ሚኒስቴር ከጤና ተቋማት ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ ቱ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሥርዓቱ በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት በክፍት ምንጭ የሚገነባ፣ በጃቫ ቋንቋ የተጻፈና መረጃውን ፖስትግሬስኪውኤል በተባለ ክፍት ዳታቤዝ የሚያስቀምጥ ነው። ዓመቱ በመስከረም የሚገባበት፣ 13ኛው ወር 5 ወይም 6 ቀን ብቻ የሚኖረውና የበጀት ዓመቱ በሐምሌ 1 የሚጀምርበት የኢትዮጵያ የቀን አቆጣጠር ለአብዛኛው የውጭ ሻጭ እንግዳ ነው፤ ሻጩ ገበያው አነስተኛ ነው ብሎ ከተወው ደግሞ ገዢው ጥያቄ አቅርቦ ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ የለውም። በዲኤችአይኤስ ቱ ግን የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከኔፓሉና ከፋርሱ ጋር ተዘርዝሮ ከማስተካከያው ገጽ ላይ ይመረጣል፤ ስሌቱ ተሳስቶ የተገኘ እንደሆነም ጃቫ የሚያውቅ ባለሙያ ኮዱን ከፍቶ ስህተቱ የቱ መስመር ላይ እንዳለ ማየት ይችላል። የመርሐ ዕውራን የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ባለባት በሰበታ የቋንቋ ጉዳይም ይነሳል፤ በኮምፒዩተር ላይ ያለ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነበው ኤንቪዲኤ ክፍት ምንጭ ሲሆን፣ አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው የድምፅ ፕሮግራም አማርኛንም ያነባል፣ የአነባበብ ደንቦቹም ለማንኛውም አራሚ ክፍት ናቸው።

ሌላው ሥጋት የፈቃድ ውል መለወጥ ነው። ሊኑክስ የተባለው ስርዓተ ክወና ገንቢዎች የኮዳቸውን ለውጥ ይመዘግቡበት የነበረው ቢትኪፐር የተባለ የንግድ መሣሪያ ያለ ክፍያ የመጠቀም ፈቃዱ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲነሳባቸው፣ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ጊት የተባለውን ክፍት ምንጭ መሣሪያ ሠርቶ በሳምንታት ውስጥ ሥራ ላይ አዋለው። በየቡድኑ ቶርቫልድስ አይገኝም እንጂ ጊት ዛሬ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የለውጡን ታሪክ በሙሉ በገንቢው ኮምፒዩተር ላይ ስለሚያስቀምጥም ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራው አይቆምም።

ከዚህ በመነሣት መረጃ የሚያርፍበት ዳታቤዝና የኮድ ታሪክ የሚመዘገብበት ሥርዓት በክፍት ምንጭ ቢሆኑ ይመረጣል፤ ኤዲተሩ ግን ሥራ የሚያፈጥን ከሆነ ተከፍሎበት ቢገዛም ጉዳት የለውም፣ ምክንያቱም ኮድ ተራ ጽሑፍ በመሆኑ በሌላ ኤዲተር ይከፈታል፣ በአንድ ሻጭ ዳታቤዝ ልዩ ባሕርይ ላይ ተመሥርቶ የተሠራ ሲስተምን ማዛወር ግን ሲስተሙን እንደ አዲስ የመሥራት ያህል ሊከብድ ይችላል። በአንጻሩ ክፍት ምንጭ ባለሙያ ይፈልጋል፤ መጠባበቂያ ቅጂ የሚይዝና ሰርቨሩን አፕዴት የሚያደርግ ሰው የሌለው ድርጅት ኃላፊነቱን በውል ለሚወስድ አቅራቢ ቢከፍል የተሻለ ነው። በየትኛውም መንገድ ቢሄድ ግን፣ ሲስተም የሚያሠራ የፋርማሲ ወይም የመጋዘን ባለቤት ውሉ ላይ ከመፈረሙ በፊት፣ ከአቅራቢው ጋር ያለው ውል ሲቋረጥ መረጃው በምን ዓይነት ፋይል ወጥቶ እንደሚሰጠው ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ይቀበል።