ቤቱን ስንከራይ መንገዱንም እንከራያለን

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

 

የዛሬው ርእስ ከአንዲት እህታችን ከደረሰኝ ደብዳቤ የተነሣ ነው። ባለቤቷ መርካቶ ይነግዳል። እርሷ ኮልፌ አካባቢ አስተማሪ ናት፤ ሁለቱ ልጆቻቸውም እርሷ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ይማራሉ። የሚኖሩበትን ቤት አከራያቸው ለራሱ ስለፈለገው እንዲለቁለት ነግሯቸዋል። ባልየው ቱሉ ዲምቱ ከሚገኘው የጋራ መኖሪያ ሰፈር ባለ ሁለት መኝታ ቤት አገኘ፤ ኪራዩ ኮልፌ ላይ ከሚጠየቀው በወር 6,000 ብር ያንሳል። «ስድስት ሺህ ብር ሜዳ ላይ አይጣልም» ይላል። እርሷ ደግሞ «እኔና ልጆቹ መቼ ልንተኛ ነው?» ትላለች። በዚህ ምክንያት ሳምንት ሙሉ ተኳርፈዋል። ቀብድ ሊከፈል ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው የጻፈችልኝ፤ ፍረድልን ትላለች።

እኔ ቃዲ አይደለሁም፣ የባልና ሚስት ኩርፊያም በሬዲዮ አይፈረድም። ነገር ግን ከመድረሳ በኋላ ኮሌጅ ገብቼ የሂሳብ አያያዝ ተምሬያለሁና ወረቀትና እስክሪብቶ ላንሣ። ቤት ያላችሁም አብራችሁኝ ጻፉ።

ባልየው ቤቱን ያየው እሑድ ጠዋት ነው። ከመርካቶ ቱሉ ዲምቱ 45 ደቂቃ ፈጀብኝ ብሏል፤ አልዋሸም። እሑድ ጠዋት መንገዱ ባዶ ነው፣ ሰልፍም የለም። ሰኞ ግን ሌላ ከተማ ነው። ከቤት ወጥቶ ታክሲ እስከሚያዝበት በእግር፣ ከዚያ ሰልፍ፣ ከዚያ ጉዞው፣ ከዚያ ደግሞ ሁለተኛ ሰልፍ አለ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በዚያ አቅጣጫ የተዘረጋው እስከ ቃሊቲ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ከቃሊቲ አልፎ ስለሆነ ባቡር ለሚጠቀምም መቀያየር አይቀርለትም። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መኪና ውስጥ የተቀመጥንበትን እንቆጥራለን፣ የቆምንበትን አንቆጥርም። ቆጠራው ከቤት በር እስከ ሥራ በር መሆን አለበት።

እህታችን ቱሉ ዲምቱ የሚኖሩ ባልደረቦቿን ጠይቃ እንደጻፈችው፣ ባልየው ከበር እስከ በር 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ኮልፌ ቢሆን ግማሽ ሰዓት ነው። ልዩነቱ በደርሶ መልስ በቀን 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ሱቁ በሳምንት 6 ቀን ስለሚከፈት 15 ሰዓት። እርሷ ከቱሉ ዲምቱ ትምህርት ቤቷ ለመድረስ 1 ሰዓት ከ50 ያስፈልጋታል፤ ከኮልፌው ቤት ግን 20 ደቂቃ ብቻ። ልዩነቱ በቀን 3 ሰዓት፣ በ5 ቀን 15 ሰዓት ነው። ልጆቹ አብረዋት ይሄዳሉ፤ የእነርሱስ ሰዓት ሰዓት አይደለም? ሁለቱ ሲደመሩ 30 ሰዓት። በአራቱም ላይ በሳምንት 60 ሰዓት፣ በወር 240 ሰዓት መንገድ ላይ ይቀራል ማለት ነው።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። ለእያንዳንዱ ሰው የሚጨመረው የትራንስፖርት ወጪ በቀን 50 ብር ነው ብላለች። የባልየው በሳምንት 300፣ የእርሷ 250፣ የሁለቱ ልጆች 500፤ ድምሩ 1,050 ይሆናል። በወር 4,200 ብር። ከ6,000 ብሩ ተርፎ እጃቸው ላይ የሚቀረው 1,800 ብር ነው። 1,800ን ለ240 ሰዓት ስናካፍለው ለአንድ ሰዓት 7 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሳል። ይህ ቤተሰብ የእናትን እንቅልፍ፣ የልጆችን ጨዋታና ጥናት፣ የአባትን ማታ በሰዓት በ7 ብር ከ50 ሊሸጥ ነው። ሱቁ ላይ ማንም በዚህ ዋጋ ቢጠይቀው ባልየው የሚስቅበት ይመስለኛል።

ቆይ ግን፣ ሚስትየዋም ገና አላሸነፈችም። አንድ ነገር እንለውጥ። እርሷ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ወዳለ ትምህርት ቤት መዛወር ብትችል፣ ልጆቹም እዚያው ቢመዘገቡ፣ ሩቅ የሚመላለሰው አባት ብቻ ይሆናል። በወር 60 ሰዓት፣ ተጨማሪው ወጪ 1,200 ብር ነው፤ የሚተርፈው 4,800 ብር። ለአንድ ሰዓት 80 ብር ደረሰ። ቤቱ ያው ቤት ነው፣ ኪራዩም ያው ነው፤ ፍርዱ ግን ተገለበጠ። ስለዚህ «ቱሉ ዲምቱ ይሻላል ወይስ ኮልፌ?» ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው፣ ከእናንተ ውስጥ ማን ነው በየቀኑ የሚወጣው ብዬ መልሼ እጠይቀዋለሁ።

አልዊስ ሽቱትሰርና ብሩኖ ፍሬይ የተባሉ ሁለት የስዊዘርላንድ የኢኮኖሚ ምሁራን የጀርመንን ቤተሰቦች መረጃ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ጥናት አለ። በኢኮኖሚክስ ትምህርት፣ ሰው ረጅም መንገድ የሚመላለሰው በርካሽ ቤት ወይም በተሻለ ደመወዝ ስለሚካስ ነው ይባላል። እነርሱ ያገኙት ግን መንገዱ የረዘመበት ሰው በኑሮው ያለው እርካታ እያነሰ መሄዱን ነው፤ ካሳው መንገዱን አልሸፈነውም። ለምን ቢባል፣ ኪራዩን በወር አንድ ቀን እናየዋለን፣ መንገዱን ግን ጠዋትና ማታ።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አላወቅሁትም። ከዓመታት በፊት የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣልን ሱጁድ ነው የወረድነው። ቤቱ ከምሰግድበት መስጂድ የከተማው ሌላ ጫፍ ነበር። እኔ ደግሞ ሱብሂ አሰግዳለሁ። ሌሊት 10 ሰዓት ከየት ታክሲ ይገኛል? መጀመሪያ በሳምንት አንድ ሌሊት፣ ከዚያ ሁለት፣ በመጨረሻ አራት ሌሊት መስጂዱ ክፍል ውስጥ ማደር ጀመርኩ። አንድ ቀን ከዐስር በኋላ ቤት ስደርስ ትንሹ ልጄ በሩን ከፍቶ ወደ ውስጥ «እማዬ፣ እንግዳ መጣ!» ብሎ ተጣራ። ቀልዱን ይሁን ከልቡ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ባለቤቴ ሳቀች፣ እኔ ግን ሻዩን መጠጣት አቃተኝ። በዚያ ዓመት ቤቱን አከራይተን መስጂዱ አጠገብ ሁለት ክፍል ተከራየን። ጠባብ ነው፣ ውኃም በፈረቃ ነው። ቢሆንም ማታ ማታ ልጆቼን አስቀራለሁ።

አንዳንድ ወንድሞች በዚህ ጊዜ የበኑ ሰሊማን ታሪክ ያነሡብኛል። እነዚያ አንሷሮች ከመዲና መስጂድ ራቅ ብለው ይኖሩ ነበርና ቀርበው ለመስፈር ሲያስቡ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እርምጃቸው እንደሚጻፍላቸው ነግረው በቦታቸው እንዲቆዩ አደረጓቸው። እውነት ነው። ግን ሐዲሱ ሌላም ነገር አለው፤ የመዲና ዳርቻ ባዶ እንዳይቀር ነቢዩ መፈለጋቸው ተዘግቧል። የተጻፈላቸውም በገዛ እግራቸው ወደ ሶላት የተራመዱት ነው። የስድስት ዓመት ልጅን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ሰልፍ ላይ ማቆም ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል? እንዲያውም ሩቅ ሰፈር የገባ ነጋዴ በቅድሚያ የሚቸገረው በመግሪብ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ እስከ 1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ባለው ጊዜ ነው፤ ሱቅ የሚዘጋበት፣ ታክሲ የሚጠበቅበት ሰዓት። የመግሪብ ወቅት ደግሞ ጠባብ ነው። በከተማ ውስጥ የዕለት ምልልስም የሙሳፊር ጉዞ አይባልም። ስለዚህ የመቀያየሪያው ቦታ ላይ መስጂድ መኖር አለመኖሩ ከሒሳቡ ውስጥ ይግባ። ልጆቹ 12 ሰዓት ተኩል ቤት ከደረሱ መድረሳቸውን መቼ እንደሚቀሩም አብሮ ይታሰብ።

እኔ ይልቅ ለመንገድ ነገር የዑመርን (ረ.ዐ.) ታሪክ እወዳለሁ። በመዲና ላይኛው ክፍል፣ ዐዋሊ በሚባለው አካባቢ ይኖሩ ነበር። ከአንድ አንሷሪ ጎረቤታቸው ጋር ተስማምተው በተራ ወደ ነቢዩ ዘንድ ይወርዱ ነበር፤ አንድ ቀን እርሳቸው፣ አንድ ቀን ጎረቤታቸው። የወረደው የሰማውን ለቀረው ይነግረዋል። ሁለቱም ሥራቸውን አልተዉም፣ ዕውቀቱም አላመለጣቸውም። በአንድ ብሎክ ውስጥ አራት እናቶች እያንዳንዳቸው ልጃቸውን ይዘው አንድ ትምህርት ቤት ሲመላለሱ አያለሁ። በተራ ቢያደርጉት እያንዳንዷ የምትወጣው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ነበር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለዚህም ይሠራል።

ምርጫ የሌላቸው ወገኖች እንዳሉም አልረሳሁም። በልማት ምክንያት ተነሥቶ ቦታው የተሰጠው፣ ወይም እንደኔ ዕጣው ሩቅ የወጣለትና ኪራይ መክፈል ያንገሸገሸው ሰው አለ። የራስ ቤት ከአከራይ ስጋት ያሳርፋል፤ ይህም ዋጋ አለውና እንደ ተከራይ ሒሳብ አይታሰብም። እነርሱ የሚመርጡት ቤቱን ሳይሆን ትምህርት ቤቱንና የሥራውን ቦታ ነው። ቤት ውስጥ አዛውንት ካሉ ደግሞ የሐኪም ቤት ቀጠሮአቸው መንገድ ይቆጠር፤ በወር አንዴ ቢሆንም ከባዱ ጉዞ እርሱ ነው።

ወደ እህታችን ልመለስ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ይህ ለተከራይ ጥበቃ ነው፣ ጥሩ ነው። ነገር ግን ለሁለት ዓመት የሚፈረምበትን ቤት በእሑድ ጠዋት ጉብኝት ብቻ አይወስኑትም። ባለቤትሽ በሚቀጥለው ሰኞ ሱቁን ከዘጋ በኋላ ወደ ቤቱ ሳይሆን ወደ ቱሉ ዲምቱ ይሂድ፤ ሲነሣና ሲደርስ ሰዓቱን ይጻፍ። መግሪብን የት እንደሰገደም ይጻፍ። አንቺ ደግሞ በዚያው ሳምንት ዝውውር ይገኝ እንደሆነ፣ ለልጆቹም በመስከረም ቦታ መኖሩን ጠይቂ፤ ተስፋ ሳይሆን ቁርጥ መልስ ያዢ። ዝውውሩ ካልተገኘ አየር ጤና ወይም ዓለም ባንክ አካባቢም ፈልጉ፤ ከኮልፌ ጥቂት ሊረክስ ይችላል፣ ለሁለታችሁም ሥራ ግን ከቱሉ ዲምቱ ይቀርባል። ከዚያ ሁለታችሁም ወረቀታችሁን ይዛችሁ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ አብራችሁ ደምሩት። ቀብዱ እስከዚያ ይቆይ። ያገኛችሁትን ቁጥር ብትጽፉልኝ ኢንሻአላህ በሌላ ዝግጅት አነበዋለሁ።